ፖሊሱ የማን ነው?

ታል አፋር በሰሜን ምዕራብ ኢራቅ፣ ከሞሱል ወደ ሶሪያ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ቱርክመኖች ናቸው፤ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፣ በጎሳም በጋብቻም ይዛመዳሉ። የሚለያቸው ነገር ቢኖር የሚበዙት ሱኒ፣ የቀሩት ሺዓ መሆናቸው ነው። በ2005 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተማዋ በአማፂዎች እጅ ነበረች። ፖሊሱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሺዓ ሲሆን፣ በጥንቱ የኦቶማን ምሽግ ውስጥ መሽጎ ሌሊት ሌሊት ወደ ሱኒ ሰፈሮች እየወጣ ሰው ያፍናል፣ ይገድላል ተብሎ ይፈራ ነበር። የሱኒው ቤተሰብ አማፂውን ወድዶት ነበር ማለት አይቻልም፤ የገዛ ጎረቤቱን ሲያርድ አይቶታል። ነገር ግን ፖሊስ በሩን ሲሰብርበት የሚደርስለት ሌላ ኃይል አልነበረውም። በሴፕቴምበር 2005 ኮሎኔል ኤች አር ማክማስተር የሚመሩት የአሜሪካ ጦር ከኢራቅ ወታደሮች ጋር ሆኖ ከተማዋን በአፈር ግድብ ከበበና አማፂዎቹን አስወጣ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ከውጊያው ይበልጥ ትኩረት ይሻል። ወታደሮቹ ወደ ጦር ሰፈራቸው አልተመለሱም፤ በየሰፈሩ ትናንሽ ጣቢያ ከፍተው ተቀመጡ። የከተማዋ ከንቲባ ነጂም አል ጁቡሪ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ጋር እየተቀመጡ ቂም አበረዱ። ፖሊሱም እንደገና ተመለመለ፤ ሱኒዎች ገቡበት። ገበያው ተከፈተ፣ ጥቃቱ ቀነሰ፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽም በማርች 2006 ታል አፋርን የተስፋ ምሳሌ አድርገው ለአሜሪካ ሕዝብ አቀረቧት። ዓመት እንዳለፈ፣ በማርች 27 ቀን 2007፣ አንድ አጥፍቶ ጠፊ ፈንጂ የሞላበትን የጭነት መኪና በሺዓዎች ሰፈር አፈነዳ። የኢራቅ መንግሥት እንዳስታወቀው 152 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ሌሊት የሺዓ ፖሊሶችና ታጣቂዎች በሱኒዎች ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ ወንዶችን እያወጡ ረሸኑ፤ በወቅቱ በወጡት ዘገባዎች መሠረት የተገደሉት እስከ 70 ይደርሳሉ። በ2014 ታል አፋር ዳግም በአማፂ እጅ ወደቀች፤ ሺዓዎቿ ተሰደዱ። ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሰየመው አይኤስም ከዋና ዋና መሪዎቹ በርካቶቹን ያገኘው ከዚችው ከተማ ነው።

ይህ የአንድ ከተማ ታሪክ በመላ ኢራቅ የደረሰውን በአጭሩ ያሳያል። በሃይማኖት ወገን በተከፋፈለ አገር የሽምቅ አመፅን የሚያሸንፈው ወይም የሚያሳድገው የወታደሩ ብዛት ብቻ አይደለም። አማፂው የሚሸሸግበት ማኅበረሰብ ፖሊሱን፣ ዳኛውንና የኬላ ጠባቂውን የራሱ አድርጎ ያያቸዋል ወይስ የሌላው ወገን መሣሪያ አድርጎ? እኔ እስከምረዳው ድረስ ለሃያ ዓመታት በኢራቅ የፈሰሰው ደም ሁሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል። ከአማፂዎቹ መካከል እጅግ ጨካኝ የሆኑት ይህን ከማንም በፊት ተረድተውታል፤ ስልታቸውንም በዚያው ላይ መሥርተዋል። መንግሥት ግን የተረዳው አልፎ አልፎ፣ ያውም ሲጨንቀው ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ደጋግሞ የሚሰማውን ክርክር እናንሳ። ሱኒና ሺዓ ነቢዩ ሙሐመድ በ632 ካረፉ በኋላ በተተኪያቸው ጉዳይ የተለያዩ፣ በ680 ደግሞ የልጅ ልጃቸው ሑሴን በከርበላ ሲገደሉ ልዩነታቸው የጠለቀ ወገኖች ናቸው፤ ስለዚህ የ1,400 ዓመት ጠላትነት ነው፣ ማንም ሊያበርደው አይችልም ይባላል። የአገራችን ሙስሊሞች በአብዛኛው ሱኒ በመሆናቸው ሺዓን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ እንዲህ ያለው ማብራሪያም ለብዙዎቻችን በቂ ሊመስል ይችላል። የኢራቅ ታሪክ ግን አይደግፈውም። እንደ ሸመር እና ጁቡር ያሉ ታላላቅ የዓረብ ጎሳዎች የሱኒም የሺዓም ቅርንጫፍ አላቸው። ባግዳድ ውስጥ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ግቢ ይኖሩባቸው የነበሩ ሰፈሮች ብዙ ነበሩ፣ ጋብቻውም የተለመደ ነበር። ከኢራን ጋር በተደረገው የስምንት ዓመት ጦርነት ለኢራቅ የተዋጋው ተራ ወታደር በብዛት ሺዓ ነበር፤ ከፊቱ የቆመው የኢራን ጦርም ሺዓ ነበር። ይህን ስል ቂም አልነበረም ማለቴ አይደለም። ሳዳም ከሱኒዎች መካከል ያውም ከገዛ ዘመዶቹ በተውጣጣ ክበብ እየገዛ፣ በ1982 በዱጀይል በተሞከረበት ግድያ ሰበብ 148 የከተማዋን ሰዎች አስገድሏል፤ በ1991 የደቡቡን ሺዓ አመፅ በታንክና በሄሊኮፕተር ደፍጥጦ በጅምላ ቀብሯል። የሺዓው ፍርሃት ከእነዚህ መቃብሮች የመጣ እንጂ ከሰባተኛው ክፍለ ዘመን ብቻ የመጣ አይደለም። የቅርብ ዘመን ቂም ደግሞ የቅርብ ዘመን ፖለቲካ ሊያበርደው ወይም ሊያነድደው ይችላል።

ከ2003 በኋላ የተወሰዱት እርምጃዎች አነደዱት። የአሜሪካው አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር በሜይ ወር ብቻ ሁለት ትእዛዞች አወጡ። አንደኛው የባዝ ፓርቲን ከፍተኛ አባላት ከመንግሥት ሥራ አባረረ፤ ለእንጀራው ሲል የፓርቲ ደብተር የያዘው የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሳይቀር ከእነ ገራፊዎቹ ጋር ተቀጣ። ሁለተኛው መላውን የኢራቅ ጦር በተነ፤ በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠር መሣሪያ መያዝ የሚያውቅ ሰው ያለ ደሞዝ ቤቱ ገባ። በጁላይ የተቋቋመው 25 አባላት ያሉት የአስተዳደር ምክር ቤት ደግሞ ወንበሩን በወገን ቆጠረ፤ 13 ለሺዓ፣ 5 ለሱኒ ዓረብ፣ 5 ለኩርድ፣ 1 ለቱርክመን፣ 1 ለአሦራዊ ክርስቲያን። ኢራቃውያን ሙሐሰሳ የሚሉት ይህ የኮታ ሥርዓት ለሁሉም ድርሻ ይሰጣል ተብሎ የታሰበ ነው። ያመጣው ውጤት ግን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን የፓርቲና የወገን ርስት ማድረግ ሆነ። የጤና ሚኒስቴር የአንዱ፣ የትራንስፖርት የሌላው፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የሦስተኛው። ሱኒዎቹ በጃንዋሪ 2005 የተደረገውን ምርጫ በብዛት ሲተዉት (በአንባር ክፍለ ሀገር ድምፅ የሰጠው ከመቶ ሁለት ያህል ነበር) በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ ያለ ድምፅ ቀሩ። ይህ የሱኒ መሪዎች የገዛ ስሕተት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አቡ ሙስዓብ አል ዘርቃዊ የተባለው ዮርዳኖሳዊ ወደ ጨዋታው የገባው በዚህ መካከል ነው። በ2004 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካኖች እጅ የገባው ደብዳቤው ሐሳቡን ሳይሸፋፍን ያስቀምጠዋል። አሜሪካ አንድ ቀን ትሄዳለች፤ ሱኒው ደግሞ ተኝቷል፤ ሊቀሰቀስ የሚችለው ሺዓው ሲመታው ነው፤ ሺዓው እንዲመታው ደግሞ መጀመሪያ ሺዓውን መምታት ያስፈልጋል። ሰው ይህን በቀዝቃዛ ልብ አስልቶ መጻፉ ያስደነግጣል። ስሌቱ በደብዳቤም አልቀረም። በኦገስት 2003 በነጀፍ የኢማም ዓሊ መስጊድ ደጃፍ ላይ በፈነዳ መኪና አያቶላህ ሙሐመድ ባቂር አል ሐኪም ከብዙ ሰዎች ጋር ተገድለው ነበር፤ በማርች 2004 በዓሹራ ቀን ደግሞ በከርበላና በባግዳድ ካዚሚያ ለጸሎት የተሰበሰቡ ከ140 በላይ ሰዎች አለቁ። የአልቃኢዳው አይመን አል ዘዋሂሪ እንኳ በ2005 በጻፈለት ደብዳቤ ሺዓዎችን በየመስጊዱ መግደሉ ተራውን ሙስሊም እንደሚያስቀይም አስጠንቅቆታል። ዘርቃዊ አልተመለሰም፤ ምክንያቱም ስልቱ የሚሠራው በሱኒው ፍቅር ሳይሆን በሺዓው ብድር መላሽነት ነበርና። ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል ዕቅዱን ያከሸፈው ትልቁ ኃይል ጦር አልነበረም። የነጀፉ አዛውንት አያቶላህ ዓሊ አል ሲስታኒ ተከታዮቻቸው እጃቸውን እንዲሰበስቡ ደጋግመው ማዘዛቸው ነው።

ይሁን እንጂ የመንግሥት መሣሪያ ራሱ ወገን ከያዘ የአንድ ሼኽ ቃል ብቻውን አይበቃም። በ2005 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ከኢራን ስደት የተመለሰው የሺዓ ሚሊሻ የበድር ድርጅት ሰው በሆኑት ባያን ጀብር እጅ ገባ፤ የሚሊሻው አባላትም በገፍ የፖሊስ ልብስ ለበሱ። በኖቬምበር 2005 የአሜሪካ ወታደሮች በባግዳድ ጃዲሪያ ሰፈር የሚኒስቴሩ የሆነ ምድር ቤት ውስጥ ከ160 በላይ እስረኞች አገኙ፤ አብዛኞቹ ሱኒዎች ሲሆኑ የተራቡና የተሰቃዩ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2006 በሳመራ የሚገኘው፣ ሺዓዎች የሚያከብሩት የዓስከሪያ መስጊድ የወርቅ ጉልላት በፈንጂ ሲፈርስ ገዳይ ቡድኑ፣ መኪናውና መታወቂያው ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። በፍንዳታው ሞተ የተባለ ሰው አልነበረም፤ በተከታዮቹ ቀናት በበቀል የሞቱት ግን ብዙ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2006 ብቻ 34,452 ሲቪሎች መገደላቸውን መዝግቧል። በባግዳድ ዑመር የተባለ ስም በአንዱ ኬላ፣ ዓሊ የተባለ ስም በሌላው ኬላ ለሞት ይበቃ ስለነበር ሰዎች ሁለት መታወቂያ ይዘው ይሄዱ ነበር። ዘርቃዊ በጁን 2006 በአውሮፕላን ድብደባ ተገደለ። ጦርነቱ ግን ያለ እሱ ቀጠለ፤ ምክንያቱም የሱኒው ሰፈር ከፖሊሱ የሚያድነው ሌላ ጠባቂ አላገኘም ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ለክርክሬ ዋና ማስረጃ ነው፤ ለተቃራኒው ክርክርም ዋና ማስረጃ ተደርጎ ይጠቀሳል። በ2007 ፕሬዚዳንት ቡሽ ወደ 30,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ጦር ላኩ፣ ጄኔራል ዴቪድ ፔትሬየስ ወታደሩን ከትልልቅ ሰፈሮች አውጥተው ሕዝቡ መካከል አስቀመጡት፤ በዓመቱ መጨረሻ ግድያው በከፍተኛ መጠን ቀነሰ። ስለዚህ ጦር መጨመር ነው ያሸነፈው ይላሉ ብዙዎች። ሌሎች ደግሞ ሁሉም ሰፈር በወገን ተለይቶ ስላበቃ የሚገደል ሰው ጠፋ ይላሉ። ከሁለቱም በፊት ግን በሴፕቴምበር 2006 በአንባር ራማዲ ከተማ ሼኽ ዐብዱል ሰታር አቡ ሪሻና ሌሎች የጎሳ መሪዎች ዘርቃዊ ይመራው የነበረውን የኢራቅ አልቃኢዳ ለመዋጋት ከአሜሪካኖች ጋር ተማምለው ነበር፤ ሳህዋ ወይም መነቃቃት የተባለው ይህ ነው። ሼኹ በዓመቱ ተገደሉ፤ እንቅስቃሴው ግን ተዛመተ። በ2008 ወደ 100,000 የሚሆኑ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ትናንት አማፂ የነበሩ፣ በወር 300 ዶላር ያህል እየተከፈላቸው የገዛ ሰፈራቸውን ይጠብቁ ነበር። ተመራማሪው ስቴፈን ቢድልና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት የጥቃት መዝገቦችን ከቦታ ቦታ አነጻጽረው የደረሱበት መደምደሚያ አሳማኝ ነው፤ ጦር መጨመሩም ሆነ ሳህዋው ብቻውን አይበቃም ነበር። ከ2006 በፊት አልቃኢዳን ለመቃወም የተነሱ የሱኒ ጎሳዎች ነበሩ፤ የሚጠብቃቸው ስላልነበረ ተመትተው ወድቀዋል። ጦሩም በበኩሉ አማፂውን ከነዋሪው ለይቶ የሚያውቅ የሰፈር ሰው ሳይኖረው ለዓመታት ሲደናበር ኖሯል። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ሳህዋ የሠራው በ300 ዶላሩ ብቻ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሱኒው ልጅ የገዛ እናቱ በምትሄድበት መንገድ ላይ ኬላ ጠባቂ ሆኖ ቆመ፤ የሚያየውና የሚፈትሸው ሰው ስሙን የሚያውቀው ሆነ። አማፂው ለዓመታት ሲሸጠው የኖረው ጥበቃ ገዢ ያጣው ያን ጊዜ ነው።

የሺዓው ወገንም እንዲሁ መለወጥ እንደሚችል የጠቅላይ ሚኒስትር ኑሪ አል ማሊኪ የ2008 እርምጃ አሳይቷል። በማርች ወር ጦሩን ወደ በስራ ልከው ሺዓ የሆነውን የማህዲ ሚሊሻ ወጉ። መንግሥት የራሱን ወገን ታጣቂ ሲመታ ያየው የሱኒ ፓርቲዎች ጥምረት ጥሎት ወደ ወጣው ካቢኔ በዚያው ዓመት ተመለሰ። በ2010 በተደረገው ምርጫ ደግሞ በሺዓው ኢያድ አላዊ የሚመራው፣ ሱኒዎች በብዛት የመረጡት ዒራቂያ የተባለ ጥምረት 91 ወንበር ሲያገኝ የማሊኪ ቡድን 89 አገኘ። ሱኒው በጥይት ሳይሆን በድምፅ፣ ያውም ለሺዓ መሪ፣ ተሰልፎ አሸነፈ። ከዚህ የበለጠ ምን ምልክት ይፈለግ ነበር? ሆኖም ከምርጫው በፊት ከ500 በላይ እጩዎች በባዝነት ሰበብ ታግደው ነበር፤ ከምርጫው በኋላም ፍርድ ቤቱ ትልቁ ቡድን ማለት ከምርጫ በኋላ የሚሰባሰበውም ሊሆን ይችላል ብሎ ሲወስን ማሊኪ ሥልጣን ላይ ቆዩ። የመከላከያና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሮችንም በእጃቸው አቆዩ። ለሳህዋ አባላት ከአምስት አንዱን ወደ ጦርና ፖሊስ፣ ሌሎቹን ወደ ሲቪል ሥራ እናስገባለን የተባለው ቃል እየተጎተተ ቀረ፤ ደሞዝ ዘገየ፣ አንዳንዶቹ ታሰሩ፣ ብዙዎቹ ደግሞ በአልቃኢዳ ተራ በተራ ተለቅመው ተገደሉ። የመጨረሻው የአሜሪካ ወታደር በዲሴምበር 2011 በወጣ ማግስት በሱኒው ምክትል ፕሬዚዳንት ጣሪቅ አል ሐሺሚ ላይ የእስር ትእዛዝ ወጣ። ከዓመት በኋላ የገንዘብ ሚኒስትሩ ራፊዕ አል ዒሳዊ ጠባቂዎች ሲታሰሩ አንባር በሰላማዊ ሰልፍ ተጥለቀለቀች። ሰልፈኞቹ ከሁሉ በላይ የጠየቁት የ2005ቱ የፀረ ሽብር ሕግ አንቀጽ 4 እንዲሻሻልና በሚስጥር ጠቋሚ ቃል ብቻ የታሰሩት እንዲፈቱ ነበር። ሱኒው ዘንድ «አራት ሽብር» የሚለው አጠራር የወንጀል ስም መሆኑ ቀርቶ ሌሊት የሚመጣ መዓት ሆኖ ነበር፤ ከሰው የተጣላ ጆሮ ጠቢ አንድ ስም ሹክ ካለ ሰውየው ለዓመታት ይጠፋል። በኤፕሪል 2013 በሐዊጃ ጦሩ የሰልፈኞችን ሰፈር ሲያጠቃ በርካቶች ሞቱ። በዲሴምበር የራማዲው ሰፈር ፈረሰ። ከቀናት በኋላ ፋሉጃ በአይኤስ እጅ ገባች፤ በጁን 10 ቀን 2014 ደግሞ ሞሱል።

ስለ ሞሱል ሲነገር ጦሩ ፈሪ ስለሆነ ሸሸ ይባላል። አሜሪካ ኢራቅ ውስጥ በቆየችባቸው ዓመታት ለጸጥታ ኃይሉ ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር አውጥታለች፤ በከተማዋ የነበረው ጦርና ፖሊስም በመዝገብ ቢቆጠር ከመጡት አማፂዎች በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በመዝገብ ያለው ግን በሜዳ አልነበረም። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሐይደር አል ዓባዲ በዚያው ዓመት መጨረሻ 50,000 የሚሆኑ በስም ብቻ ያሉ ወታደሮች ደሞዝ ሲከፈልባቸው እንደነበር ይፋ አደረጉ፤ ኢራቃውያን እነዚህን «ጠፈርተኞች» ይሏቸዋል። ከቁጥሩም በላይ የሞሱል ነዋሪ ያንን ጦር በኬላ ጉቦ የሚቀበል፣ ወጣቱን በስሙ የሚያዋርድ ባዕድ አድርጎ ያየው ነበር። ከተማዋ የሚሞትላት ወታደር አልነበራትም፣ ለወታደሩም መረጃ የሚያቀብል ነዋሪ አልነበረውም። የተከፈለው ዋጋ ግን ለሁሉም ተረፈ። በስፓይከር የጦር ሰፈር አካባቢ ወደ 1,700 የሚጠጉ፣ በብዛት ሺዓ የሆኑ ሠልጣኝ ወታደሮች በአይኤስ ተረሸኑ፤ በሲንጃር የየዚዲ ሴቶች ለባርነት ተሸጡ፤ የገዛ ሱኒ ወገኖቹም፣ ከሥልጣኑ ያፈነገጡት የአልቡ ኒምር ጎሳ ሰዎች፣ በመቶዎች ታረዱ። በኤፕሪል 2015 በሊቢያ የእኛን ስደተኞች የገደለው ይኸው ድርጅት መሆኑን አንባቢ አይዘነጋውም።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሳል። አይኤስ ያደገው በፖለቲካ በደል ቢሆን እንኳ የተሸነፈው በኃይል ነው፤ በዚያ ላይ ድሉን ካስገኙት መካከል የሺዓ ሚሊሻዎች የሚበዙበት ሐሽድ አል ሻዕቢ አለ፤ ታዲያ ወገንተኛ ኃይል አያሸንፍም ማለት ይቻላል ወይ? መልሱ በሞሱሉ ውጊያ አፈጻጸም ውስጥ አለ። ሲስታኒ በጁን 2014 ለመሣሪያ ሲጣሩ ተወካያቸው ጥሪው ለኢራቃዊ ሁሉ ነው ብለው ነበር፤ በ2015 መጀመሪያም ሲቪል እንዳይነካ፣ ንብረት እንዳይዘረፍ የሚል መመሪያ ለተዋጊዎች አወጡ። ሁሉም አልሰማቸውም፤ ለዚህም ነው ዓባዲ በኦክቶበር 2016 ወደ ሞሱል ሲዘምቱ ሐሽዱ ወደ ከተማዋ እንዳይገባ፣ በምዕራብ በኩል ባለው በረሃ መንገድ እንዲዘጋ ያደረጉት። ሰፈር በሰፈር የተዋጋው በዋናነት ከሁሉም ወገን የተመለመለው የፀረ ሽብር አገልግሎት ነው። ይህ ኃይል እንደ አሜሪካ መከላከያ ሰነድ 40 በመቶ ያህል ጉዳት ደርሶበታል፤ ነዋሪዎችም በሰልፉ መካከል እያለፉ የአማፂውን መሸሸጊያ የሚጠቁሙት ለእሱ ነበር። በጁላይ 2017 ነፃ የወጣችው ሞሱል ምዕራባዊ ክፍሏ ፍርስራሽ ሆኖ ነበር። ጦሩ ማሸነፉ እውነት ነው፤ ያሸነፈው ግን ከሁሉ ያነሰ ወገንተኛ የሆነው ክፍሉ ከፊት በቆመበት፣ ወገንተኛው ክፍል ደግሞ ከኋላ በቀረበት ነው። የተገላቢጦሹ በተደረገበት በጁርፍ አል ሰኽር ምን እንደሆነ ማየት ይቻላል። ከባግዳድ በስተደቡብ ያለው ይህ የሱኒ ወረዳ በኦክቶበር 2014 ሲያዝ ስሙ ወደ ጁርፍ አል ነስር ተቀየረ፤ ተፈናቃዮቹም ከአሥር ዓመት በኋላ እንኳ ወደ እርሻቸው እንዲመለሱ አልተፈቀደላቸውም።

ለሺዓው ወገን የሚቀርበው ክርክር ደግሞ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። በዳዩ ሌላ፣ ታገሱ የምንባለው እኛ፤ ሱኒዎቹ ሥልጣን ማጣታቸውን መቀበል አቅቷቸው ምርጫውን ጥለው ወጡ፣ ቤታቸውን ለአልቃኢዳ ከፈቱ፤ አሁን የምንከሰሰው እኛ ነን? ይላሉ። ይህ ክስ ብዙ እውነት አለው። የሱኒ መሪዎች በ2005 ምርጫውን መተዋቸው ለወገናቸው ትልቅ ክሕደት ነበር፤ አንዳንዶቹ ቀን ፓርላማ ገብተው ማታ ከአማፂ ጋር ይመክሩ ነበር። ጎረቤት አገሮችም እሳቱን አራግበዋል፤ ኢራን ሚሊሻዎችን አስታጥቃለች፣ ሶሪያ ለዓመታት አጥፍቶ ጠፊዎች እንዲሻገሩ መንገድ ሰጥታለች፣ ከባሕረ ሰላጤው ገንዘብ ፈስሷል። ነገር ግን ኃላፊነቱ እኩል አይከፋፈልም፤ የምክንያቱም መሠረት ቂም ሳይሆን ሥልጣን ነው። ፖሊስ ጣቢያውን፣ ፍርድ ቤቱንና የደሞዝ መዝገቡን የያዘው መንግሥት ነው። አማፂ በገበያ ቦንብ ሲያፈነዳ የሚፈልገው መንግሥት ወንጀለኛውን ትቶ የወንጀለኛውን ሰፈር እንዲቀጣለት ነው። ተጎጂው ፍትሕ ይገባዋል፤ ሆኖም በጃዲሪያ ምድር ቤት የተሰቃየው ሱኒ የዱጀይልን ሟች ደም አልመለሰም፤ የታል አፋር ፖሊሶች በዚያች ሌሊት የረሸኗቸው ሰዎችም የጭነት መኪናውን ያፈነዱት አይደሉም። በቀሉ የሺዓውን እናት ደኅንነት ቢጨምርላት ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ያስከተለው ግን ስፓይከርን ነው።

በኦክቶበር 2019 በባግዳድና በደቡቡ አደባባይ የወጡት፣ በብዛት ሺዓ የሆኑ ወጣቶች ይህንኑ በሌላ በኩል አይተውት ነበር። አገር እንፈልጋለን የሚል መፈክር ይዘው የተነሱት ከራሳቸው ወገን ፓርቲዎች ጋር ሊፋጠጡ ነው፤ ሙሐሰሳው ሚኒስቴሩን ለፓርቲ ሰጠ እንጂ ለእነሱ መብራትም ሥራም አላመጣም። በወራት ውስጥ ወደ 600 የሚጠጉ ተገደሉ። የኮታው ሥርዓት ሱኒውን ብቻ እንደሚያገልል የሚያስብ ሰው ይህን ተቃውሞ ማየት አለበት።

በጃንዋሪ 2025 የኢራቅ ፓርላማ የአጠቃላይ ምሕረት ሕጉን ማሻሻያ አጽድቋል። የሱኒ ፓርቲዎች ለዓመታት የጠየቁት ሲሆን፣ ቃላቸውን በድብደባ እንደሰጡ የሚናገሩ ፍርደኞች ጉዳያቸው እንደገና እንዲታይ መንገድ ይከፍታል። በሺዓው በኩል የስፓይከር ገዳዮች በዚህ ቀዳዳ ያመልጣሉ የሚል ፍርሃት አለ፤ በየእልቂቱ ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ይህን መጠየቃቸው አግባብ ነው። ሁለቱንም የሚያስማማ አሠራር ግን አለ። ዶሴው የሚታየው ለግልጽ ችሎት ይሁን፤ የሚስጥር ጠቋሚው ቃል ብቻውን ማስረጃ መሆኑ ይቅር፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ጠበቃ አግኝተው ይሰሙ፤ በእልቂት እጁ ያለበት ደግሞ በስሙና በሥራው ተከስሶ የሟች ቤተሰብ ፊት ይቁም። በአይኤስ ዘመን ተወልደው እስካሁን የልደት ወረቀት የሌላቸው ልጆችም ለአባታቸው ጥፋት እንዳይጠየቁ መዝገብ ቤቱ ይክፈትላቸው፤ ከእነዚህ ልጆች ትልልቆቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኬላ ላይ መታወቂያ የሚጠየቁበት ዕድሜ ላይ ይደርሳሉ።